በመንገዱ መካከል ስለተቀመጠችው ሴት

ለክቡር ዶክተር ፊንሌይ ሎክሃርት
የካርንሳይድ ቅርስና መታሰቢያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ካርንሳይድ፣ ግላስጎው

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ሰሞኑን ከወንዙ የሚነሣው ርጥብ ነፋስ በሰፈራችን የማይስል ሰው ስላላስቀረ፣ ሳሉ እስከ እርስዎ ቢሮ ድረስ እንዳልዘለቀ ተስፋ አደርጋለሁ። የቢሮዎ መስኮቶች የማይከፈቱ መሆናቸውን በዓይኔ ስላየሁ በዚህ በኩል ብዙም አልሰጋም።

እኔ ዊልማ ማክኮል እባላለሁ። ካርንሳይድ ተወልጄ ካርንሳይድ ያረጀሁ ነኝ፤ በመካከሉ ከከተማው ዳር በተሠራው ረጅም ፎቅ ላይ ያሳለፍኳቸው ዓመታት በራሴ ፈቃድ ስላልነበሩ አልቆጥራቸውም። የሥራ ዘመኔን የፈጸምኩት በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። ሰውን በትሕትና ማስጠበቅ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ በጽሕፈት ቤትዎ መቀበያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ባሳለፍኳቸው ከሰዓት በኋላዎች ሁሉ ለባልደረቦችዎ ያለኝ አድናቆት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። እኛ ቢያንስ በመጨረሻ ጥርሱን እንነቅል ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልልክ አስቤ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ቀደም የላክኋቸው ሁሉ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከሚል መልስ በቀር ብዙም ያመጡት ነገር ስለሌለ፣ ሌላውም ሰው አብሮ ቢያነበው ሸክሙ ይቀልልዎታል ብዬ ለሰፈራችን ጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ቅሬታ በቁጥር ተለይቶ እንዲቀርብለት ስለሚወድ በቁጥር ልጽፍ እሞክራለሁ። ቅሬታ ማለቱ ግን ከእርስዎ ክብር ጋር ስለማይሄድ፣ ምስጋና ብዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ፎቶግራፋችንን ስለተዋሱን አመሰግናለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምንሰበሰብ ጥቂት ሽማግሎችና አሮጊቶች እንዳለን ያውቃሉ። ሻይ አፍልተን፣ አሮጌ ፎቶግራፎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ ይህ ማነው፣ ያቺስ የማን ልጅ ናት እያልን እንጨቃጨቃለን። ከፎቶግራፎቹ አብዛኞቹን ያነሣው አርቺ ላሞንት የሚባል፣ በመርከብ መሥሪያው ብየዳ እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ የሚያነሣ ጎረቤታችን ነበር። እሱ ሲሞት ልጁ ሣጥኑን እንዳለ ለኛ ሰጠችን። ረዳትዎ መጥተው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይህ ትልቅ ሀብት ነው አሉን። ካርንሳይድ ሀብት አለው ሲባል ሰምተን ስለማናውቅ ደነገጥን፤ ከድንጋጤያችን ሳንወጣም የፈለጉትን እንዲወስዱ ፈቀድንላቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኛ መጥረቢያውንም አቀበልናቸው።

ከሁሉም አብልጠው የወደዱት አንዱን ፎቶግራፍ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች እንዲረዱት ልግለጸው። በድንጋይ በተነጠፈው በዊንድል ጎዳና መካከል፣ የወጥ ቤት ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሳለች፤ ራሷን በሻሽ አስራለች፤ በእጇ የሻይ ኩባያ ይዛለች። ጉልበቷን ሊነካ ትንሽ የቀረው የቤት አፍራሾች የጭነት መኪና አፍንጫውን ደቅኖባታል። ከኋላዋ ጥቀርሻ የጠገበው የኛ ሕንፃ ቆሟል። አርቺ ባነሣበት ቅጽበት ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ሕንፃው መለስ አድርጋ ስለነበር ደብዝዟል። የሚታየው ጉንጯና የአፍንጫዋ ጫፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሥሯ ለጻፉላት መግለጫ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያው ዐውደ ርእይዎ ላይ ያ ፎቶግራፍ በሚያምር ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ሲሰቀል፣ ከሥሩ «ማንነቷ ያልታወቀ ሴት፤ ቤት አልባነትና ተስፋ መቁረጥ በካርንሳይድ» የሚል ተጽፎበት አገኘነው። የጻፈው ሰው ፊደል የቆጠረ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ሆኖም ሴትዮዋ ቤት ነበራት። ከኋላዋ ያለው ነው። ተስፋ ስለ መቁረጧ ደግሞ የሆነውን ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ።

ያኔ ሰፈሩ እንዲፈርስ ተወስኖ፣ ቤተሰብ ሁሉ በየተራ የአዲስ ቤት ቁልፍ እየተሰጠው ይወጣ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። በደረጃው መታጠፊያ ላይ ያለውን ሽንት ቤት ከጎረቤት ጋር በተራ ለሚጠቀም ሰው፣ የራስን በር ዘግቶ በሙቅ ውኃ መታጠብ ማለት ተረት ነው። ሰፈሩ ገነት ነበር አልልዎትም፤ አይጦቹንም አልረሳኋቸውም።

ችግሩ ፌሚ ቡካን ነበረች። ፌሚ በሕንፃችን የመጨረሻ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር መበለት ነበረች። ግማሹን ሰፈር ያዋለደች፣ የሞተውንም አጥባ የገነዘች እሷ ነበረች። በዚያ የመከር ወራት ሳንባዋ ተይዞ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሙ መጥቶ አያት፤ ከዚህ በኋላ የሚቀራት ቀን ጥቂት ነው፣ ደረጃ አውርዳችሁ ብትወስዷት ግን እመንገድ ትሞትባችኋለች ብሎ ለሴቶቹ ነገራቸው። ሴቶቹ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደው ጥቂት ጊዜ እንዲታገሱ ለመኑ። የሥራው መርሐ ግብር የወጣ ስለሆነ አይለወጥም ተባሉ። ከጎናችን ያለው ሕንፃ በማግሥቱ ሊፈርስ ነበር። ሁለቱ ሕንፃዎች ደግሞ አንድ ግንብ ይጋራሉ፤ ያኛው ሲመታ ይህኛው ከነአልጋው ይንቀጠቀጣል።

በማግሥቱ ማለዳ ሊዚ ዶዝ የምትባል ጎረቤታችን ከወጥ ቤቷ ወንበር አንሥታ ወረደች። መኪናው ፊት አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት።

የአፍራሾቹ አለቃ ከስኮትላንድ ደሴቶች የመጣ፣ ረጅምና ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና፣ «እመቤቴ፣ ይነሡልኝ እባክዎ። እኔም የበላይ አለብኝ» አላት።

ሊዚም፣ «እኔም አለብኝ። ፎቅ ላይ ተኝታለች» አለችው።

ሊዚ ሲደክማት እናቴ ኢሶቤል ተተካች። ከእናቴ በኋላ በቅርቡ ያገባችው ጄሲ ኬርንስ ተቀመጠች፤ ከዚያም ሌሎቹ። እንዲህ እየተፈራረቁ ቀናት አለፉ። ወንበሩ ላይ ሆነው ሹራብ ሠሩ፣ ድንች ላጡ፣ ከትምህርት ቤት የምንመለሰውን ልጆች ተቆጡ። ፖሊስ ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ሻይ ተሰጠው። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ከተቀመጠች ሴት በቀር ያየሁት ወንጀል የለም ብሎ ሄደ። የመርከብ መሥሪያው ፊሽካ ሲነፋ ወንዶቹ እየመጡ ነገሩን በኃላፊነት ሊመሩት ፈለጉ፤ ለፌሚ ምድጃ ከሰል እንዲያመጡ ተላኩ። የአፍራሾቹ አለቃ ከመካከላችሁ ኃላፊዋ የትኛዋ ናት ብሎ በጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ የተቀመጠችው።

አርቺ ፎቶግራፉን ያነሣው ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ነው።

ፌሚ በአንድ ዝናባማ ጧት በገዛ አልጋዋ ላይ፣ እጇ በእናቴ እጅ ውስጥ ሆኖ ሞተች። ሊዚ ወርዳ ወንበሯን አነሣችና ለአፍራሾቹ አለቃ፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን፣ ከቀብሩ በኋላ መንገዱ የእርስዎ ነው አለችው። ሬሳ ሣጥኑ በዚያ ጠባብ ደረጃ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ሰውየው መኪናውን ወደ ኋላ አስነድቶ፣ ሠራተኞቹን ባርኔጣ አስወልቆ፣ ዝናብ ውስጥ አሰልፎ አቆማቸው። እናቴ ስለዚያ ሰው ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም። ስለ መርሐ ግብሩ ግን ብዙ ተናግራለች።

እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ተስፋ መቁረጥ ብሎ የሰየመው ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ እኔንና ኔታ ዶዝን ለማስታረቅ ስለደከሙት ድካም አመሰግናለሁ።

ኔታ ያደገችው በአክስቷ በሊዚ እጅ ነው። እኔና እሷ ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ባልንጀሮች ነን። መግለጫው እንዲታረም በአንድ ድምፅ ከጠየቅን በኋላ፣ ረዳትዎ በፈገግታ፣ ታዲያ ሴትዮዋ ማን ትባላለች ሲሉ ጠየቁን። እኔ ኢሶቤል ማክኮል አልኩ። ኔታ ደግሞ እኩል ከእኔ ጋር ሊዚ ዶዝ አለች። ተያየን። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለታችንም ያንን ፎቶግራፍ ስናይ የየራሳችንን ሰው ስናይ እንደኖርን አናውቅም ነበር።

ይህ ለእርስዎ ትንሽ ነገር ሊመስልዎት ይችላል። እናቴ በተሰጠን ረጅም ፎቅ ላይ ብዙ አልቆየችም፤ የጀመራት ሳል ወሰዳት። የነበሯት ፎቶግራፎች ደግሞ በአዲሱ ቤት ግድግዳ በሚወርደው እርጥበት ርሰው እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ለማላቀቅ ስሞክር ፊቷ ከወረቀቱ ጋር እየተላጠ መጣ። የቀረኝ ያ ጉንጭና ያ የአፍንጫ ጫፍ ነው። ኔታም ከአክስቷ የቀራት ከዚያ የሚበልጥ አይደለም። ስለዚህ ተጣላን። ካፖርቱን አውቀዋለሁ፣ የእናቴ ነው አልኩ። ኩባያውን በሁለት እጇ የምታቅፈው ሊዚ ብቻ ናት አለች። አንዳችን የሌላችንን ዓይን አናምንም ተባባልን። ሐሙስ ሐሙስ በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ እየተቀመጥን፣ ስኳሩን እንኳ በሦስተኛ ሰው በኩል እየተቀባበልን ከረምን።

ጽሕፈት ቤትዎ ነገሩን ሲሰማ ከሌላ ከተማ አወያይ አስመጣልን። የተላኩት ወጣት ሴት ደግ ነበሩ። ባለ ቀለም ወረቀት አደሉንና ስሜታችሁን በቢጫው፣ ትዝታችሁን በሰማያዊው ላይ ጻፉ አሉን። ኔታ በሁለቱም ላይ ሊዚ ብላ ጻፈች። እኔም በሁለቱም ላይ እናቴ ብዬ ጻፍኩ። አወያይዋ ወረቀቶቹን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ፎቶ አነሧቸው። ውይይቱ ፍሬያማ እንደነበረ በጽሕፈት ቤትዎ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ።

ነገሩን የፈታልን ሌላ መንገድ ነው። ከተቀመጡት ሴቶች መካከል በሕይወት ያለችው ጄሲ ብቻ ናት። አሁን በአረጋውያን መጦሪያ ትኖራለች። አንዳንድ ቀን ከሁላችንም የተሻለ ታስታውሳለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ባሏን ከሥራ ይመለሳል ብላ ትጠብቃለች። እኔና ኔታ ሌላ ዳኛ ስላጣን፣ በአንድ አውቶቡስ፣ ለየብቻ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ የፎቶግራፉን ቅጂ ይዘን ሄድን። ከደህናዎቹ ቀኖች በአንዱ ደረስን። ጄሲ ፎቶግራፉን ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አየችው።

«እናንተ ልጆች፣ ይቺ እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ኔታ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም፣ «እማማ ጄሲ፣ ካፖርቱ እኮ የእናቴ ነው» አልኳት።

«የእናትሽ? እናትሽ እንዲህ ያለ ካፖርት ከየት አምጥታ! የፌሚ ነው። በመንገዱ ላይ ከሁሉ የሚሞቀው የሷ ነበር። እኔ ከእንግዲህ አልወጣበትም፣ የምትቀመጠዋ ትልበሰው ብላ ከፎቅ ላከችልን። ሻሹም የሷ ነው። ተራሽ ሲደርስ እሱን ለብሰሽ ትቀመጫለሽ።»

ኔታ ቀስ ብላ፣ ታዲያ አንቺ መሆንሽን በምን አወቅሽ ብላ ጠየቀቻት።

ጄሲ ጥቂት አሰበች። «እሱን አላውቅም» አለች። «ግን እኔም ተቀምጫለሁ። የዊልማ እናትም ተቀምጣለች። ሊዚም ተቀምጣለች። ብርድ ነበር፤ ሁላችንም ኩባያውን በሁለት እጃችን ነበር የምናቅፈው። እናንተ ደግሞ ምን አጣላችሁ?»

ብስኩት ስጡኝ ስትል ሰጠናት።

ስንመለስ ኔታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወንዙን ስንሻገር፣ ታዲያ ምን ይሻላል አለችኝ። የተቀመጡት ሁሉ ስማቸው ይጻፍ፣ የፌሚም ይጨመር አልኳት። ተስማማች፤ ግን ወንበሩ የሊዚ ስለሆነ የሊዚ ስም ይቅደም አለች። የኛ ማቆሚያ ሲደርስ እሺ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ለእርስዎ ጻፍን። የሁሉንም ስም፣ የሆነውን ታሪክ፣ የጄሲን ቃል ጨምረን ላክን። እዚህ ላይ አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ግን ክቡር ሆይ፣ መቁጠሩ ደከመኝ። መልስዎ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመጣ፣ የግለሰቧ ማንነት አከራካሪ ሆኖ በመገኘቱ ጽሕፈት ቤቱ ለየትኛውም ወገን ሳያዳላ ተገቢውን ውሳኔ እንደሚወስድ ይገልጽ ነበር። ተከራካሪዎቹ እኛ ነበርን፤ ታርቀናልም ብለን ጽፈንልዎታል። ቢሆንም የጽሕፈት ቤቱን ገለልተኝነት አከበርን። ፎቶግራፉ በአዲሱ የወንዝ ዳር መኖሪያ ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች በትልቁ ሊሳል እንደሆነና በምረቃው ላይ እንድንገኝ መጋበዛችንን ስናነብም፣ እንግዲህ ተሳክቷል ብለን ተደሰትን። ያ ሕንፃ የቆመው የኛው ሕንፃ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ጄሲን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘናት መጣን። ኔታ አዲስ ሻሽ ገዝታላት ነበር። ነፋስ ነበር፤ ባግፓይፕ የሚባለውን የስኮትላንድ የከረጢት ዋሽንት የሚነፋ ወጣትም ቆሞልናል። እርስዎ ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ትውስታ፣ ስለ ሥርና ስለ ማኅበረሰብ ሲናገሩ ኔታ ክንዴን ጨበጠች። ከዚያ ጨርቁ ወረደ።

መንገዱ አለ። ድንጋዩ አንድ በአንድ አለ። ሕንፃው ከነጥቀርሻው፣ ሰማዩ ከነደመናው አለ። መኪናው የለም። ወንበሩ የለም። ሴትዮዋ የለችም። እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ሠዓሊው ድንጋዩን አስመስሎ በጥሩ ሁኔታ ስለሞላው፣ ለቅጽበት ያህል እኔው ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ጸጥታ፤ የጥንቷ ካርንሳይድ» ተብሎ ተጽፏል። እርስዎም፣ አንድን ሰው ከሌላው ላለማስበለጥና ሁሉም የራሱን ትዝታ እንዲያኖርበት ሲባል ቦታው ክፍት እንደተተወ አስረዱን። ሰዉ አጨበጨበ። አዲሶቹ ነዋሪዎች ከየበረንዳቸው ሆነው አጨበጨቡ። እነሱን አልወቅስም፤ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ሥዕሉም እንዳያውቁ ሆኖ ነው የተሠራው።

ጄሲ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግማ አየችው። «የታለች?» አለችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ አውጥተዋታል እማማ ጄሲ፣ በሥዕሉ ላይ የለችም አልኳት።

ጄሲ ሳትቆጣ፣ ከሩቅ አገር ወሬ እንደሰማ ሰው በቀስታ፣ «ያኔ መኪናው አልቻለም። ፖሊሱም አልቻለም» አለች። «እንግዲህ በመጨረሻ አስነሧት።»

ወደ ቤት ውሰዱኝ፣ በረደኝ አለችን። ወሰድናት።

ክቡር ሆይ፣ ቁጣ ቢኖረኝ ይህን ደብዳቤ አሳምሬ በጻፍኩት ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሰማኝ ድካም ብቻ ነው። ያኔ ሰፈራችንን ያፈረሱት ሰዎች ቢያንስ ሊያፈርሱ እንደመጡ ነግረውናል፤ መኪናቸውን ፊት ለፊት ነው ያቆሙት፤ ሬሳ ሲያልፍ ባርኔጣ አውልቀዋል። እርስዎ ግን የመጡት ሊያስታውሱን ነው። አስታዋሽ ሲመጣበት ወንበር አውጥቶ መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ሻይ ያፈላለታል እንጂ። እኛም አፈላን።

አሁን የምንለምነው ትንሽ ነው። የስም ነገር ይቅር። አንድም ስም አይጻፍ። «ማንነቷ ያልታወቀ» የሚለውንም፣ «ተስፋ መቁረጥ» የሚለውንም ቢመልሱት አንናገርም፤ በዚያ እንኳ ሴትዮዋ ነበረች። ሠዓሊው ተመልሶ ወንበሩንና እሷን በቦታቸው ያኑርልን። ይህ ከበጀትና ከደንብ ውጭ ከሆነ ደግሞ፣ ከሥዕሉ ሥር «ካርንሳይድ» የሚለውን ቃል በነጭ ቀለም ያጥፉልን። ለአንድ ባልዲ ቀለም ስብሰባ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ባዶ መንገድ በየትም አገር አለ፤ የፈለጉትን ስም ይስጡት። በኛ መንገድ ላይ ሰው ነበር።

ዋናውን ፎቶግራፍ እንዲመልሱልን ስንጠይቅ፣ ሙቀቱና ብርዱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ በጥንቃቄ እየተቀመጠ ስለሆነ ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ተነግሮናል። አያስቸኩልዎት። የአርቺ ልጅ ፊልሙን ከቤቷ ፈልጋ አግኝታ በትልቁ አሳጥባልናለች። አሁን በዋናው መንገድ ላይ ባለው የተጠበሰ ዓሣና ድንች መሸጫ መስኮት ውስጥ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ተሰቅሏል። ሙቀቱና ብርዱ አልተመጠነም፤ ጥቂት ዘይትም ሳይነካው አልቀረም። ተራ የሚጠብቀው ሰው ግን እያየው ይጠይቃል። ሁልጊዜ የሚመልስለት ሰው አይጠፋም። ባለፈው ዓርብ ከአዲሱ ሕንፃ የመጣች አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ እስከ መጨረሻው ስትሰማ ቆይታ፣ ድንቿ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። የምኖረው እዚያ እኮ ነው አለች።

በዚህ ረጅም ደብዳቤ የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለግድግዳዎ የማይለቅ ቀለም፣ ለእርስዎም ከዚህ የሚበልጥ ሹመት እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። የሚቀጥለውን ሰፈር ለማስታወስ ወደዚያ ሲዛወሩ እንዲነግሩን በትሕትና እንጠይቃለን፤ ለዚያ ሰፈር ሰዎች የምንመክራቸው ነገር አለን።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ዊልማ ማክኮል
የኢሶቤል ልጅ፣ ቀድሞ የዊንድል ጎዳና ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ኔታ ዶዝ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመሄዱ በፊት አንብባ በሁሉም ነገር ተስማምታለች። ነገር ግን ጄሲ ምንም ትበል ምን፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለችው አክስቷ ሊዚ መሆኗን እዚህ ላይ እንድጽፍላት አጥብቃ ጠይቃኛለች። ጽፌላታለሁ። እኔ ደግሞ እናቴ ናት እላለሁ። ነገ አብረን ገበያ እንሄዳለን። ማንም ሰው ከሥዕሉ ሳይወጣ ሁለት ሰው እንዲህ በሐሳብ መለያየት እንደሚችል ጽሕፈት ቤትዎ ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብለን ነው።